ገጀራውና ጠይቡ፤ ስለ ደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ስለት

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዝ የደጋ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በደኑ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ መንገደኛው በያዘው ገጀራ ላይ። ሽማግሌው በትከሻው አጋድሞታል፤ ወጣቱ በብብቱ ሸጉጦታል፤ እንጨት የተሸከመችው ሴት ከእስሩ መካከል ሰክታዋለች። እንግዳው መጀመሪያ ፈራ ተባ ማለቱ አይቀርም። ሁለት ሦስት ቀን ሲሰነብት ግን ገጀራው እንደ ነጠላና እንደ ምርኩዝ ያለ ነገር ይሆንበትና ማየቱን ይተዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የደረሰበት ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ፈራ፤ ቀጥሎ ለመደ፤ ቆይቶ ደግሞ ስለዚህ ብረት በአማርኛ ምን ተብሏል ብሎ ቢፈልግ ከጥቂት የመዝገበ ቃላት መስመሮች በቀር የረባ ነገር አላገኘም።

ስለ ጎራዴ፣ ስለ ጦርና ስለ ጋሻ፣ ኋላም ስለ ጠመንጃ የተባለው ብዙ ነው። ፉከራውና ቀረርቶው በነዚህ የተሞላ ነው፤ ጠመንጃውማ እንደ ሰው ስም ወጥቶለት ይሞገሳል። ማጭድም ቢሆን በአጨዳ ዘፈን ውስጥ ድርሻውን አላጣም። ገጀራ ግን ዝም ተብሎ ታልፏል። ይህ ጽሑፍ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ዝምታው ገጀራ ተራ መሣሪያ በመሆኑ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሠሪው በመናቁም ጭምር ነው የሚል ነው። ይህን ለማስረዳት ከብረቱና ከሥራው እንነሣለን፤ ወደ ሠሪው እናልፋለን፤ ከዚያም ከዚሁ ደን የወጣው ቡና ሄዶ በተተከለባት በጃቫ ደሴት የእንዲህ ዓይነቱ ስለት ዕጣ ምን እንደነበረ እንመለከታለን።

ብረቱና ሥራው

ገጀራ ከክንድ ያልበለጠ ወይም ጥቂት የሚተርፍ ርዝመት ያለው፣ ባንድ ወገን ብቻ የተሳለ፣ ጀርባው ወፈር፣ ጫፉ ሰፋ ያለ ስለት ነው። የአንዳንዱ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ የአንዳንዱም እንደ አሞራ አፍ ጎበጥ ይላል። ከጎራዴ የሚለየው በርዝመቱ ብቻ አይደለም። ክብደቱ ወደ ጫፉ ያዘነበለ በመሆኑ ክንድ የሚያደርገው ማንሣትና አቅጣጫ ማስያዝ ነው፤ የቀረውን ብረቱ ራሱ ይጨርሰዋል። በሌላው የአገራችን ክፍል ገጀሞ የሚባለው ሰፊ ቢላዋና በምሥራቁና በደቡብ ምሥራቁ ኦሮሞ ዘንድ ሜንጫ የሚባለው ቆልማማ ስለት ዘመዶቹ ናቸው።

የደጋው ገበሬ ዋና ስለት ማጭድ ነው። ስሙም ጥንታዊ ነው፤ ዐፀደ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣው ማዕፀድ በአማርኛ ማጭድ ሆኗል። ማጭድ ያቅፋል፤ አገዳውን ሰብስቦ ወደ አጫጁ ይስባል። ገጀራ ግን ያርቃል፤ ከፊት ያለውን ጥሎ መንገድ ይከፍታል። ማጭድ የያዘ ሰው ዝናቡ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ገጀራ የያዘ ሰው ዝናቡ ባበቀለው ላይ ይዘምታል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ወለጋና ወደ ጋምቤላ እንዲሰፍሩ የተደረጉት ገበሬዎች የገጠማቸው አንዱ ነገር ይህ የስለት ልዩነት ነው። በማጭድ ያደገ ክንድ ገጀራን ሲጨብጥ ከመሣሪያው ጋር ሌላ የእርሻ ሥርዓትም መማር ነበረበት። ስለዚያ ሰፈራ ብዙ ተጽፏል፤ ክንዱ ስለተማረው ነገር ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

በቡና አገር የገጀራ ትልቁ ሥራ ምንጠራ ነው። የደን ቡና በዋንዛ፣ በብርብራ፣ በሳሳና በቀረሮ ጥላ ሥር የሚኖር ተክል ነው። ከርሱ ጋር አብሮ የሚያድገው ሐረግ፣ ቁጥቋጦና ሣር ክረምቱን ጠጥቶ ቡናውን ይውጠዋል። ስለዚህ ለቀማ ከመድረሱ በፊት ባለቤቱ ገብቶ ይመነጥራል፤ ይህ ካልሆነ ፍሬው ቢቀላም ለቃሚው አይደርስበትም፤ የረገፈውም ከሣር ውስጥ አይለቀምም። በደን ቡና ውስጥ ዘር የሚዘራ ሰው የለም፤ ወፍና ዝንጀሮ ይዘሩታል ቢባል ይቀላል። የሰው ድርሻ መመንጠር ነው። በብዙ ቦታም ያ የቡና ቦታ የማን ነው ሲባል መልሱ ከዓመት ዓመት ማን መነጠረው ከሚለው ጋር የተያያዘ ሆኖ ኖሯል። ወረቀት ሳይኖር ገጀራ እንደ ማኅተም ያገለግል ነበር ማለት ይቻላል።

ምንጠራ ግን ያገኙትን ሁሉ መጣል አይደለም። ከሣሩ መካከል ከወደቀ ፍሬ የበቀለ የቡና ችግኝ አለ፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ጥላ የሚሆን የዋንዛ ወይም የብርብራ ቡቃያ አለ። ልምድ ያለው መንጣሪ ገጀራው ከመውረዱ በፊት ዓይኑ ይለያል፤ ክንዱ በአየር ላይ ሳለም አቅጣጫ ይለውጣል። ልምድ የሌለው፣ ወይም በቁርጥ ዋጋ ተቀጥሮ ለመጨረስ የሚቸኩለው፣ ሁሉን አንድ አድርጎ ያስተኛዋል። ለብዙ ዓመታት እንዲህ የተመነጠረ ደን ከሩቅ ሲያዩት ደን ነው፤ ከሥሩ ገብተው ሲያዩት ግን ያረጀውን ዛፍ የሚተካ ልጅ የለውም። ፈይራ ሰንበታ በሸኮ አካባቢ የሚገኘውን የብርሃነ ቆንጥር ደን ጨምሮ የዱር ቡና ባለባቸው ደኖች ላይ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት የቡና እንክብካቤው እየበረታ በሄደ መጠን የዛፉና የሐረጉ ዓይነት እየሳሳ እንደሚሄድ አሳይቷል። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። የምዝገባው ሰነድ ስለ ክልልና ስለ ወሰን ይናገራል፤ የትኛው ቡቃያ ዛፍ እንደሚሆን የሚወስነው ግን በክረምት ጭቃ ላይ ቆሞ ገጀራ የጨበጠ ሰው ነው። አርታኢ በጽሑፍ ላይ የሚሠራውን እርሱ በደኑ ላይ ይሠራል ብል ከሙያዬ አኳያ እንጂ ለማሳመር አይደለም።

ገጀራም ገደብ አለው። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የግብርና ባለሙያዎች የሚመክሩት መጋዝን ነው፤ ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ዘንበል ተደርጎ ይቆረጣል። በገጀራ የተመታ ግንድ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውሃ ያስገባል፤ ውሃው ያበሰብሳል። ከዚህ በቀር ያለው የደን ሥራ ሁሉ የርሱ ነው። ማር ቆራጩ ወደ ቀፎው የሚያደርሰውን መንገድ ይከፍትበታል፤ ለጎጆ የሚሆን ማገር ይቆርጥበታል፤ ጥምዝና ኮረሪማ የሚለቅሙት ሰዎችም ያለ እርሱ ወደ ደኑ አይዘልቁም።

ከባሌስትራ እስከ ስለት

ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ገጀራ በአብዛኛው በፋብሪካ የተቆረጠ ስስ ብረት ነው። ቀጥቃጭ የሠራው ግን ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከመኪና ባሌስትራ ነው። በጅማ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የቡና ጆንያ ተሸክሞ ሲለጠጥና ሲመለስ የኖረው ብረት ሲሰበር ወደ ቀጥቃጩ ይመጣና ተመልሶ ወደ ቡናው ይሄዳል። ቀጥቃጩ ባሌስትራን የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ካርቦኑ ከተራው የቤት መሥሪያ ብረት የበዛ በመሆኑ በእሳትና በውሃ ሲጠነክር ስለት ይይዛል፤ ሲመታ ደግሞ ጎበጥ ብሎ ይመለሳል እንጂ ቶሎ አይሰበርም።

ወናፉ ይነፋል፤ ከሰሉ ይግላል፤ ብረቱ ብርቱካን ሲመስል በጉጠት ወጥቶ በመስፉ ላይ ይቀጠቀጣል። ስፋቱና ስለቱ ከወጣ በኋላ እንደገና ይግልና ውሃ ውስጥ ይነከራል። ሙያው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በድንገት የቀዘቀዘ ብረት እንደ ጠርሙስ ይጠነክራል፤ እንደ ጠርሙስም ይሰበራል። ስለዚህ ቀጥቃጩ ገጹን ጥቂት ፍቆ እንደገና ለፍሙ ያሳየዋል። የተፋቀው ገጽ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ ቡናማ፤ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ለምላጭ የሚስማማው ቢጫው ነው፤ ሥርና ድንጋይ ለሚያገኘው ገጀራ ግን ወደ ሰማያዊው የተጠጋው ይሻላል። በነዚህ ቀለሞች መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ቅጽበት ነው። ቴርሞሜትር የለም፤ የተጻፈ መመሪያ የለም፤ ያለው ዓይን ብቻ ነው። በዩኒቨርሲቲ የብረታ ብረት ትምህርት በሠንጠረዥ የሚሰጠው ዕውቀት በዚህ ሰው ዘንድ በቀለም ተጠንቶ የተያዘ ነው።

ለቋንቋ ተማሪ የሚሆን አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል ላድርግ። በአማርኛ ሰው ቢላዋ ሳለ፣ ሥዕል ሳለ፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ እንላለን፤ ገጀራው ተሳለ፣ ሰውየውም ለታቦት ተሳለ እንላለን። በግእዝ እነዚህ አራት የተለያዩ ግሶች ናቸው፤ ስለት ማውጣት ሰሐለ፣ ሥዕል መሥራት ሠዐለ፣ ማሳል ሰዐለ፣ መለመንና መጠየቅ ሰአለ ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲጥል አራቱም ባንድ ድምፅ ላይ ወደቁ። ስለዚህ ዛሬ ስለት ስንል የብረቱን አፍም፣ ለእግዚአብሔር የተገባውን ቃልም ማለታችን ነው። ሰምና ወርቅ የሚወድ ሰው በዚህ ቃል ላይ ብዙ ሊሠራበት ይችላል፤ ክረምቱ ሲወጣ ስለቱን ይዞ ወደ ቡናው የሚገባውን ገበሬ ያሰቧል።

ባለእጅ

ገጀራውን የሚሠራው ሰው በአማርኛ ቀጥቃጭ፣ ባለእጅ ወይም ጠይብ ይባላል። የመጀመሪያው የሥራ ስም ነው። ሁለተኛው ቃል በቃል ሲፈታ እጅ ያለው ማለት ነው፤ ምንም ነውር የሌለበት፣ እንዲያውም የሚያስመሰግን ቃል ነበር፤ ነገር ግን ስድብ ሆነ። ሦስተኛው ከሁሉ ይገርማል። ጠይብ ከግእዙ ጠቢብ የወጣ ነው። ጠቢብ በግእዝ ዐዋቂና ብልህ ማለት ነው፤ የእጅ ሥራ ሊቅም በዚሁ ቃል ይጠራል። አማርኛ ቃሉን ለሁለት ከፈለው። ሙሉውን ጠቢብ ለሰሎሞንና ለሊቃውንት ሰጠ፤ የተሸረፈውን ጠይብ ለቀጥቃጩና ለሸክላ ሠሪዋ ተወ። አንዱ ልጅ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ቤተ ክህነት ሲገባ ሌላው ከመንደር ዳር ቀረ፤ በላዩም ላይ ቡዳ የሚለው ተጨመረበት።

ይህ የሰሜኑ ብቻ አይደለም። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል በብረትና በሸክላ ሥራቸው ምክንያት የደረሰባቸው ይታወቃል። በከፋም ብረት ቀጥቃጮች ቀሞ በሚል ስም ተለይተው፣ አዳኞቹም ማንጆ ተብለው ከሌላው ማኅበረሰብ ተገልለው ኖረዋል። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት የጋራ መጽሐፍ በደቡብ ኢትዮጵያ የእጅ ባለሙያዎችና አዳኞች መገለል ከቦታ ቦታ መልኩን እየለዋወጠ እንዴት እንደኖረ በሰፊው ተዘርዝሯል። መገለሉ አብሮ አለመብላት ነው፤ አለመጋባት ነው፤ ከደጃፍ አለማለፍ ነው። ገጀራው ግን ከደጃፍ አልፎ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። በሌሊት ባለቤቱ የሚተማመንበት እርሱ ነው። ሠሪው እንዳይገባ በተከለከለበት ቤት የሠራው ነገር ከምሰሶው አጠገብ ቦታ ነበረው።

ምክንያቱ ምን እንደሆነ አጥኚዎች የተለያየ ሐሳብ ይሰጣሉ። አንዳንዶች እሳትን የሚገዛ ሰው ስለሚፈራ ነው ይላሉ፤ ሌሎች መሬት ስላልነበረው ነው ይላሉ። በበኩሌ ሁለቱ የሚነጣጠሉ አይመስለኝም። መሬት የሌለው ሰው የሚኖረው በሌላው ፈቃድ ነው፤ ሌላው ደግሞ ያለዚህ ሰው ማረስም መመንጠርም አይችልም። እንዲህ ያለ ጥገኝነት ሲገለበጥ እንዳይታይ ንቀት ይሸፍነዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም መሬት አልባ የነበሩት ባለሙያዎች መሬት እንዲያገኙ በር ከፍቷል፤ በብዙ ስፍራም አገኙ። አዋጅ ግን ቃልን ከአፍ አያወጣም። ጠይብ የሚለው ዛሬም ሲነገር እንደ ጠቢብ አይሰማም።

ቡናው የደረሰባት ደሴት

ይህ ዕጣ ግድ ነበረን? ለዚህ ጥያቄ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል፤ ሩቅም ቢሆን ከኛ ጋር በቡና የተዛመደ ነው። ዐረቢካ ቡና መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ከዚህ ወደ የመን ተሻገረ፤ ከየመን በሕንድ በኩል አድርጎ የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1696 ወደ ጃቫ አደረሰው። የመጀመሪያው ተክል በጎርፍ ጠፋ፤ በ1699 የመጣው ግን ጸደቀ፤ ከዚያ ወዲህ ጃቫ የሚለው ስም በአውሮፓና በአሜሪካ ለቡና ራሱ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ።

በጃቫ ወዱንግ የሚባል ስለት አለ። መልኩ የሰፊ መቁረጫ ቢላዋ ነው፤ ለጦር ሜዳ የሚሆን አይደለም። ነገር ግን የቤተ መንግሥት ሹማምንት በሥነ ሥርዓት ቀን በእንጨት አፎት ከተው በግራ ወገባቸው ይታጠቁት ነበር። ደሴቲቱን በእንግሊዝ ስም ያስተዳድር የነበረው ቶማስ ስታምፎርድ ራፍልስ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው የጃቫ ታሪክ እንደሚገልጸው ትርጉሙ ሹሙ ንጉሡ ሲያዝዘው ዛፍና ሣር ለመቁረጥ ዝግጁ መሆኑን ማሳየት ነው። በኛ አነጋገር ትልቁ ሹም በንጉሡ ፊት ቆሞ መንጣሪ ነኝ ይላል። ደጃዝማች ገጀራ ታጥቆ ለግብር ቢቀርብ በኛ ቤተ መንግሥት ምን ይባል እንደነበር አንባቢ ይገምት።

ከወዱንግ በላይ በዓለም የታወቀው ክሪስ የተባለው ባለ ሁለት ስለት ጩቤ ነው፤ አንዳንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዳንዱም እንደ እባብ የሚጥመለመል ነው፤ ጥምልምሉም ሁልጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰሱ ቅርሶች ድንቅ ሥራዎች አንዱ ብሎ አውጆታል። የሚሠራው ሰው ኤምፑ ይባላል፤ ቃሉ የክብር ማዕረግ ነው። ኤምፑው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይጾማል፤ መባ ያቀርባል። የጥንት ክሪሶችም የሠሩዋቸው ሊቃውንት ስም ይነሣላቸዋል። የኛ ፉካሪ ጎራዴውን ሲያሞግስ የቀጥቃጩን ስም ጠርቶ አያውቅም።

በጃቫ ነገሥታት ዜና መዋዕል በፓራራቶን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ኬን አሮክ የተባለ ሰው ጋንድሪንግ ለተባለው ኤምፑ ክሪስ እንዲሠራለት ያዛል። ትእግሥት ያጣና ሥራው ሳያልቅ ይመጣል፤ ተቆጥቶም ባላለቀው ክሪስ ራሱን ሠሪውን ይወጋዋል። ኤምፑው ሲሞት ይህ ብረት አንተንም ልጆችህንም፣ ሰባት ነገሥታትን ይገድላል ብሎ ይረግማል። ኬን አሮክ እ.ኤ.አ. በ1222 የሲንጋሳሪን መንግሥት መሠረተ፤ በታሪኩ እንደሚባለው ግን እርግማኑ እርሱንም ተከታዮቹንም አንድ በአንድ ደረሰባቸው። የታሪክ እውነትነቱ ለኛ ጉዳይ አይደለም። ጉዳያችን በዚያ ተረክ ውስጥ የቀጥቃጩ ቃል ከንጉሡ ዙፋን መክበዱ ነው።

ልብ በሉ፤ በጃቫም ቀጥቃጩ ይፈራል፣ በኛም ይፈራል። ፍርሃቱ አንድ ነው፤ ብረትን በእሳት የሚለውጥ ሰው የማይታይ ኀይል አለው የሚል ነው። በዚያ ፍርሃቱ ማዕረግ ወለደ፤ በዚህ ቡዳ የሚል ስም ወለደ። ቋንቋውም ይህንኑ ይመሰክራል። በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ፓንዳይ ማለት ብልህ ማለት ነው፤ በሲ ማለት ብረት ነው፤ ፓንዳይ በሲ ደግሞ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ልክ እንደ ግእዙ ጠቢብ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ ባንድ መንገድ አሰቡ፤ ነገር ግን የነርሱ ቃል ሳይሰነጠቅ ሲቀር የኛው ተሰነጠቀ።

ጃቫን ገነት አድርጎ ማቅረብ ግን ስሕተት ይሆናል። ከ1830 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሆላንድ መንግሥት ገበሬውን ቡናና ሌላ የንግድ ሰብል በግዴታ እንዲያመርት አድርጎታል። ሙልታቱሊ በሚል የብዕር ስም የጻፈው ሆላንዳዊ ሹም በ1860 ያወጣው ማክስ ሀቭላር የተሰኘ ልብ ወለድ ያን በደል ነው ያጋለጠው። በሹሙ ወገብ ላይ የተንጠለጠለው ወዱንግ አንድም የቡና እግር አልመነጠረም፤ መንጣሪው ሌላ ነበር። ቢሆንም ምልክት ምልክት ነው፤ የምንጠራ ስለት ከዙፋን ፊት መቆም እንደሚችል ያሳያል። ቡናውም እዚያ ልብ ወለዱን አግኝቷል።

ዝምታው

ስለ ገጀራ በአማርኛ የተዘፈነው ጥቂት መሆኑ በሌላ ቋንቋ አልተዘፈነም ማለት አይደለም። ሚዛንና ቴፒ ባሉበት አገር የሚነገሩት ቤንችኛ፣ ሸኮኛ፣ ሸክኛና ከፍኛ ከኦሞ ቋንቋዎች ናቸው፤ መዠንግርኛና መኤንኛ ደግሞ ከዓባይ ሰሐራ ወገን ናቸው። ደኑን ለዘመናት የመነጠሩት በነዚህ ቋንቋዎች የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ጃክ ስቶደር ስለ መዠንግር እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ደን እየመነጠሩ፣ ቦታ እየለወጡ የሚያርሱበትን ሥርዓት በዝርዝር ገልጿል፤ እርሱ ግን የማኅበረሰብ አጥኚ እንጂ የሥነ ቃል ሰብሳቢ አልነበረም። በአማርኛ ብቻ ጆሮውን ከፍቶ የሄደ ሰው ዝምታ ቢሰማ ጥፋቱ የገጀራው አይደለም።

ሥራው ቀላል አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ቤንችኛ አምስት ደረጃ ያላቸው የድምፅ ከፍታዎች ቃልን ከቃል የሚለዩበት ቋንቋ ነው። ፊደላችን ይህን ከፍታ አይጽፍም። በምንጠራ ደቦ ላይ፣ በአካባቢው አጠራር በዳዶ ላይ፣ የሚዜም ግጥም በፊደል ብቻ ቢለቀም ዜማውም ትርጉሙም ይጎድላል። መቅረጸ ድምፅና ቋንቋውን እንደ እናቱ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በደኑ መካከል ያለ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ከአዲስ አበባው ይቀርባል። መጠየቅ የሚገባውም ገጀራ የያዘው ገበሬ ብቻ አይደለም። ቀጥቃጩ ለብረቱ ቀለሞች ምን ምን ስም ሰጥቷቸዋል? ስለቱ ሲሰበር ምን ይላል? ልጁን ሲያስተምር በምን ቃል ነው? የፋብሪካው ገጀራ ገበያውን እየወሰደው ሲሄድ ወናፉ ብቻ አይደለም የሚዘጋው፤ እነዚህም ቃላት አብረው ይዘጋሉ።

የሚያስቸኩል ሌላም ነገር አለ። ከ1986 ዓ.ም. የሩዋንዳ እልቂት ወዲህ ገጀራ በዓለም ዜና ውስጥ የጭፍጨፋ ምልክት ሆኗል። በአገራችንም ባለፉት ዓመታት በደረሱት ግጭቶች ቃሉ ከእርሻው ወጥቶ በዜና ማሰራጫውና በክስ መዝገቡ ውስጥ ተደጋግሟል። የሞተው ሰው ሞቷልና ይህ አይካድም፤ አይሸሸግም። ነገር ግን በአማርኛ ስለ አንድ ነገር ሌላ የተጻፈ ሳይኖር ክፉው ብቻ ሲጻፍ፣ ነገ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጀው ሰው የሚያገኘው ምስክር እርሱ ብቻ ይሆናል። ጎራዴ ስንት አንገት ቀልቶ በግጥም ሲከበር ስንት ሺህ የቡና እግር ያዳነው ብረት በወንጀሉ ብቻ ሊታወስ ነው።

ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቤት ቡና ተጋብዤ ሳለሁ እናትየው ጎመን የምትከትፍበት ቢላዋ ዓይኔን ሳበው። ጠባብ ነው፤ ከመዳፍ ብዙም አይረዝምም፤ ጀርባው ግን ለጎመን መክተፊያ ከሚያስፈልገው በላይ ወፍራም ነው። ስጠይቃት የባለቤቷ አባት ገጀራ ነበር አለችኝ። በየምንጠራው ዋዜማ በሞረድ ሲሳል ሲሳል አልቆ ነው እዚህ የደረሰው። ማን እንደሠራው ጠየቅኋት። አማቷን ጠርታ ጠየቀችልኝ፤ አሮጊቷም ጥቂት አሰበችና በገበያው ዳር፣ ከወንዙ ወዲያ ይቀመጥ የነበረ ሰው ነው አለች። ስሙን አላወቀችውም። በቤታችን ግን አሁንም ገጀራው ነው የምንለው ብላ ቢላዋውን ከምራቷ ተቀብላ በአውራ ጣቷ ስለቱን ዳሰሰችው።